ቆርኬው የት ሄደ?
(የሳይንስ ትምህርት)

በአንድ አካባቢ የሚኖሩ ዕፅዋት፣ እንስሳትና በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ልዩ ልዩ መሆናቸው ብዝሀ ሕይወት ይባላል። ሙዚየሞች ይህን በሁለት መንገድ ያስተምራሉ። አንደኛው እንስሳትን አድርቆ በመስተዋት ውስጥ ማሳየት ነው። በአዲስ አበባ አራት ኪሎ የሚገኘው የዩኒቨርሲቲው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። ሁለተኛው የሙዚየም ቴአትር ነው። እዚህ ተመልካቹ አንዳንድ ጊዜ ወንበር ላይ አይቀመጥም፤ በድምፅና በብርሃን ጫካ በመሰለ አዳራሽ ገብቶ ከተዋንያኑ ጋር ይጫወታል። እኛም በሼክ ኑር በአንድ ጥቅል ክር ልንሠራው እንችላለን።

አስቀድመን ታሪኩን እንወቅ። ከመቶ ሠላሳ ዓመት ገደማ በፊት ከሐርጌሳ በስተደቡብ ባለው የሀውድ ሜዳ ብዙ የቆርኬ መንጋ ይግጥ ነበር። ቆርኬ ፊቱ ረዘም ያለ፣ ቀንዱ የተቆለመመ የዱር እንስሳ ነው። ስዌይን የተባለ እንግሊዛዊ መኮንን አይቶ ስላስታወቀው «የስዌይን ቆርኬ» ተባለ። በዚያው ዘመን የደስታ በሽታ ገባና ከብቱንም የዱር እንስሳውንም ፈጀ። አደንም ተጨመረበት። ዛሬ በዚህ ሜዳ ቆርኬ የለም። የቀረው በኢትዮጵያ በጥቂት ቦታዎች ብቻ ሲሆን፣ አንዱ ከሻሸመኔ በስተምዕራብ ያለው የስንቀሌ የቆርኬዎች መጠለያ ነው። የደስታ በሽታ በ2011 እ.ኤ.አ. ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ፤ ቆርኬው ግን ወደ ሀውድ አልተመለሰም።

አሁን ወደ ቴአትሩ እንግባ። ስድስት ተማሪዎች ክብ ሠርተው ይቁሙ፤ አፈር፣ ሣር፣ ቆርኬ፣ አንበሳ፣ አሞራና ጥንዚዛ ይሁኑ። አፈር ክሩን ይዞ «ሣርን አበቅላለሁ» ብሎ ጥቅሉን ለሣር ያቀብል። ሣር ለቆርኬ፣ ቆርኬ ለሚያድነው አንበሳ፣ አንበሳ ትራፊውን ለሚበላው አሞራ ያቀብሉ። ከዚያ ጥቅሉ ወደ ቆርኬ ይመለስ፤ ቆርኬም ፋንድያውን ለሚቀብረው ጥንዚዛ፣ ጥንዚዛም ለአፈር ይስጥ። ክሩ ሲወጠር ቆርኬ ይልቀቅ። ክሩ የላላበት ሁሉ ምን እንዳጣ ይናገር።

ወላጆች ሆይ፣ በልጅነታችሁ በአገራችሁ ታዩት የነበረና በኋላ የጠፋ እንስሳ ወይም ዛፍ ካለ ለልጆቻችሁ ንገሯቸው። በመስተዋት ውስጥ ያልገባውን የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

መልመጃ
1. ቆርኬ ከሀውድ የጠፋባቸውን ሁለት ምክንያቶች ጻፉ።
2. ቆርኬ ክሩን ሲለቅ ለማን ለማን ላላ? ለምን?
3. ወላጆቻችሁ ስለነገሯችሁ እንስሳ ወይም ዛፍ አምስት መስመር ጽፋችሁ አምጡ።