«ተወደደ» እና «ረከሰ»

በአማርኛ «ወደደ» ማለት አፈቀረ ማለት ነው። እናት ልጅዋን ትወድዳለች፤ ልጅም አባቱን ይወድዳል። ከዚህም ቃል «ተወደደ» የሚለው ይወጣል። ይህ ቃል ሁለት ፍች አለው። ስለ ሰው ሲነገር፥ በሰው ዘንድ ፍቅርን አገኘ ማለት ነው። ስለ ዕቃ ሲነገር ግን፥ ዋጋው ከፍ አለ ማለት ነው። «ውድ» የሚለውም ቃል እንዲሁ ነው። «ውድ ልጄ» ቢባል የተፈቀረ ልጅ ማለት ነው፤ «ውድ ጨርቅ» ቢባል ግን ብዙ ገንዘብ የሚያወጣ ጨርቅ ማለት ነው።

ሰው በገበያ ዋጋ ጠይቆ ከአቅሙ በላይ በሆነበት ጊዜ «ተወደደብኝ» ይላል። በቃሉ መጨረሻ ያለው «ብኝ» ጉዳቱ በተናጋሪው ላይ መሆኑን ያሳያል። በሴት ላይ ቢሆን «ተወደደባት»፥ በብዙዎች ላይ ቢሆን «ተወደደባቸው» ይባላል። ስለዚህ ያው አንዱ ዕቃ ለባለጸጋ ቀላል ሲሆን ድኻ ግን ይወደድበታል።

ዕቃን የሚያስወድደው ምንድር ነው? ጥቂት መገኘቱና ከሩቅ መምጣቱ ነው። በቀድሞ ዘመን በኢትዮጵያ አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ ያገለግል ነበር። ጨውም ከአፋር ቆላ ተቈርጦ በግመልና በበቅሎ ይጫን ነበር። በትግራይ በአንድ ብር ብዙ አሞሌ ይገኝ ነበር፤ ወደ ደቡብ በራቀ ቍጥር ግን የመንገዱ ድካምና ቀረጡ እየተጨመረ አሞሌው ይወደድ ነበር።

የ«ተወደደ» ተቃራኒ «ረከሰ» ነው። ይህም ቃል ሁለት ፍች አለው። ስለ እህል ሲነገር ዋጋው ዝቅ አለ ማለት ነውና ድኻው ይደሰታል። ስለ ሰው ሲነገር ግን ክብሩን ወይም ንጽሕናውን አጣ ማለት ነውና ትልቅ ነውር ነው። ስለዚህ ዕቃን «ርካሽ» ማለት ይቻላል፤ ሰውን ግን «ርካሽ» ማለት ስድብ ነው።

ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ የነበረው ጊዜ «ክፉ ቀን» ይባላል። በዚያ ዘመን የከብት በሽታ ገብቶ በሬዎች አለቁ። የሚያርስ በሬ ስለ ጠፋ መሬቱ ጦም አደረ፤ እህልም እጅግ ተወደደ። ብዙ ሰው በረኃብ ሞተ። አፄ ምኒልክም ሰው በእጅ መቈፈርን እንዳይንቅ፥ ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት ቈፈሩ። ንጉሥ የያዘውን ዶማ ማን ሊንቅ ይችላል?

እህል በጠፋ ጊዜ የሰው ጠባይ ይታወቃል። አንዱ ነጋዴ ጐተራውን ዘግቶ እህሉ እስኪወደድ ይጠብቃል። ሌላው ግን የጎረቤቱን ልጆች ረኃብ አይቶ በልኩ ይሸጣል። የፊተኛው ገንዘብ ያገኛል፤ ነገር ግን እህሉ በተወደደ መጠን እርሱ በሰው ፊት ይረክሳል። የኋለኛው እህሉን ያረክሳል፤ እርሱ ራሱ ግን ይወደዳል። የእህል ዋጋ በሚመጣው መከር ይለወጣል፤ የሰው ስም ግን እስከ ልጅ ልጅ ይቈያል።

ጥያቄ።
1. «ተወደደ» ስለ ሰውና ስለ ዕቃ ሲነገር ፍቹ ምንድር ነው?
2. አሞሌ ጨው ወደ ደቡብ ሲሄድ ስለ ምን ይወደድ ነበር?
3. ከሁለቱ ነጋዴዎች የተወደደው ማን ነው? ስለ ምን?