የሊቨርፑል የወደብ ባቡርና ከፋይ ያጣው የጥገና ዋጋ

ዕቃ ከመርከብ ወርዶ መጋዘን እስኪገባ ድረስ የሚሄድበት መንገድ ለነጋዴ ሁሉ የታወቀ ነው። ዕቃውን የሚያወርደው ሠራተኛ ግን በየማለዳው በምን መንገድ ወደ ወደቡ እንደሚደርስ የሚጠይቅ ነጋዴ ጥቂት ነው። የዚህን ጥያቄ ክብደት ለመረዳት በእንግሊዝ አገር፥ በሊቨርፑል ከተማ፥ ከ1893 እስከ 1956 ዓ.ም. ሲሠራ የነበረው የሰው ማመላለሻ ባቡር ታሪክ በቂ ምሳሌ ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሊቨርፑል በመርሲ ወንዝ አፍ የተቆረቆረች የወደብ ከተማ ናት። በ19ኛው መቶ ዓመት ከአሜሪካ የሚመጣው ጥጥ፥ እህልና እንጨት በብዛት በዚህች ከተማ በኩል ይገባ ነበር፤ የላንካሻየር ፋብሪካዎች የሠሩትም ጨርቅ በዚያው በኩል ወደ ውጭ አገር ይላክ ነበር። ዶክ የሚባሉት የመርከብ ማቆሚያዎች በወንዙ ዳር ተያይዘው 11 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘልቁ ነበር። በወደቡ አጥር ጥግ ባለው መንገድም ፈረስ የሚስባቸው ጋሪዎችና በእንፋሎት የሚሠሩ የጭነት ባቡሮች እየተጋፉ ስለሚተላለፉ፥ ወደ ሥራው የሚጣደፈው ሰው መተላለፊያ ያጣ ነበር።

ምድሩ ስለተጣበበ መፍትሔው ወደ ላይ መውጣት ሆነ። በ1888 ዓ.ም. የወደቡ አስተዳደር ቦርድ የነበረውን ፈቃድ ለአንድ የግል ማኅበር አስተላለፈ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ነጋዴና የመርከብ ባለቤት የነበሩት፥ ቀድሞም የከተማው ከንቲባ ሆነው ያገለገሉት ሰር ዊልያም ፎርውድ ሲሆኑ፥ መሐንዲሶቹ ሰር ዳግላስ ፎክስና ጄምስ ግሬትሄድ ነበሩ። ሐዲዱ ከመንገዱ 5 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በብረት ዐምዶች ላይ ተዘረጋ። የእንፋሎት ባቡር ቢሆን ፍምና አመድ ከታች በሚያልፈው ዕቃና ፈረስ ላይ ይወድቃል ተብሎ ስለተፈራ፥ ባቡሩ በኤሌክትሪክ ኃይል እንዲሄድ ተወሰነ። ስለዚህም በዓለም ላይ በድልድይ ላይ ከተሠሩት የከተማ ባቡሮች መካከል በኤሌክትሪክ ለመሥራት የመጀመሪያው ሆነ።

የካቲት ወር በገባ በ4ኛው ቀን፥ በ1893 ዓ.ም. ሎርድ ሶልዝበሪ መርቀው ከፈቱት። መስመሩ በመጀመሪያ በሰሜን ከአሌክሳንድራ ዶክ እስከ ደቡቡ ሄርኩሌኒየም ዶክ ድረስ ነበረ። በ1894 ዓ.ም. ወደ ሰሜን እስከ ሲፎርዝ ሳንድስ፥ በ1896 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ደቡብ በዋሻ አልፎ እስከ ዲንግል ተራዘመ። በ1905 ዓ.ም. ከሌላ የባቡር ማኅበር ሐዲድ ጋር ተገናኘ። በመካከል ባለው የፒር ሄድ ጣቢያም ወንዙን በጀልባ የተሻገሩ ሰዎች ይሳፈሩበት ነበር።

በዚህ ባቡር የወደብ ሠራተኛው፥ መርከበኛው፥ የጭነት ወረቀት ይዞ ከቢሮ ወደ ዶክ የሚላከው ጸሐፊ፥ ነጋዴውም ራሱ ይሄዱበት ነበር። አገልግሎቱ በደረጀበት ጊዜ በዓመት ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ያመላልስ ነበር። ሰዎች ከዝናብ ለመጠለል ከድልድዩ በታች ይሄዱ ስለነበር «የወደብ ሠራተኞች ጃንጥላ» የሚል ስም አወጡለት። ለዚህ ጥላ ቲኬት የቆረጠ ማንም አልነበረም።

ይሁን እንጂ የኤሌክትሪክ ትራም በከተማው ሲስፋፋ ከመንገደኞቹ ብዙዎቹን ወሰደበት። በ1941 ዓ.ም. በጦርነቱ የአየር ድብደባ ተጎዳ፤ ተጠግኖም ሥራውን ቀጠለ። በ1948 ዓ.ም. የአገሩ የባቡር ማኅበሮች አብዛኞቹ በመንግሥት እጅ ሲገቡ፥ ይህ ማኅበር ከነዕዳውና ከነድካሙ በግል እንደሆነ ቀረ።

ዋናው ጠላቱ ግን ከሥሩ ነበር። ከድልድዩ በታች የሚመላለሱት የጭነት ባቡሮች እንፋሎትና ጥላሸት በየቀኑ ወደ ላይ እየወጣ የወለሉን ብረት ለብዙ ዓመታት ሲያዝገው ኖረ። በ1955 ዓ.ም. በተደረገው ምርመራ ለማደሻው 2 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል እንደሚያስፈልግ ታወቀ። ማኅበሩ ይህን ያህል ገንዘብ አልነበረውም። የከተማውን ምክር ቤትና የወደቡን ቦርድ እርዳታ ቢጠይቅም አላገኘም። ታኅሣሥ ወር ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው፥ በ1956 ዓ.ም. ምሽት፥ የመጨረሻዎቹ ሁለት ባቡሮች ሊሰናበት በመጣ ሰው ሞልተው ከሁለቱ ጫፎች ተነሡ። በሚከተለው ዓመት ድልድዩ መፍረስ ጀመረ፤ ሠራተኛውም አውቶቡስ እየጠበቀ ወደ ታችኛው መንገድ ተመለሰ። ከሠረገላዎቹ አንዱ ዛሬ በሊቨርፑል ሙዚየም ይታያል።

ነጋዴ ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ይማራል። አንደኛው፥ የአንድ ሥራ ጥቅም ሁሉ በባለቤቱ ሣጥን አይገባም። ሠራተኛው በሰዓቱ ሲደርስ መርከቡ ቶሎ ይራገፋል፤ መርከቡ ቶሎ ሲራገፍ የዕቃው ወጪ ይቀንሳል። ይህ ትርፍ ለመርከብ ባለቤቱ፥ ለመጋዘኑና ለአስመጪው ተከፋፈለ እንጂ በባቡሩ ማኅበር መዝገብ አልተጻፈም። ሁለተኛው፥ ጉዳት ቀስ እያለ ሲመጣ ሒሳቡ ለባለቤቱ ብቻ ይቀራል። የዕቃው ባቡር የሰውን ባቡር በላው፤ ዕቃው ግን ያለ ሰው እጅ ከመርከብ አይወርድም።

እንግዲህ አስተዋይ ነጋዴ የዓመቱን ሒሳብ ሲዘጋ ከመዝገቡ ጐን አንድ ወረቀት ቢጨምር ይጠቀማል። በዚያ ላይ ንግዱ የቆመባቸውን፥ ነገር ግን የእሱ ያልሆኑትን መንገድ፥ ድልድይና መጓጓዣ ይጻፍ፤ በእያንዳንዱም ትይዩ ጠጋኙ ማን እንደሆነና ገንዘቡ ከወዴት እንደሚመጣ ያስፍር። ስም ያልተጻፈበት መስመር ቢገኝ፥ ከጓደኞቹ ነጋዴዎች ጋር የሚመክርበት ጊዜ ብረቱ ሳይዝግ ነው።