የላላ ካቴና

ሁለት ሴቶች በአንድ ሙቀጫ ገብስ ሲወቅጡ ያላየ የለም። የአንደኛዋ ዘነዘና ሲወርድ የሌላኛዋ ይወጣል። ሁለቱም ተራቸውን ያውቃሉ። አንደኛዋ ጥቂት ብትዘገይ ግን ዘነዘናና ዘነዘና ይጋጫል። በመኪና ሞተር ውስጥም እንዲሁ በተራ የሚሠሩ ብረቶች አሉ። ተራቸውን የሚጠብቅላቸው አንድ ሰንሰለት ነው። መካኒኮች ካቴና ይሉታል። ዛሬ የምናነበው ይህ ካቴና ሲያረጅ ምን እንደሚሆንና እንዴት እንደሚለወጥ ነው።

ለምሳሌ የምንወስደው አሮጌውን ላንድሮቨር ነው። ላንድሮቨር እ.ኤ.አ. በ1948 በእንግሊዝ አገር መሠራት የጀመረ መኪና ነው። በአገራችንም ድንጋዩንና ጭቃውን ሲወጣ የኖረ ስለሆነ በገጠር ብዙ ሰው ያውቀዋል። የምንናገረው እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ ስለተሠራው፣ ሁለት ሊትር ከሩብ ስለሚባለው የቤንዚን ሞተር ነው።

ይህ ሞተር አራት ሲሊንደር አለው። በእያንዳንዱ ውስጥ አንድ ፒስተን ይወጣል፣ ይወርዳል። ሲወርድ አየርና ቤንዚን ይስባል፤ ሲወጣ ያንኑ ያምቃል። ካንዴላው እሳት ሲሰጥ ቤንዚኑ ይነድና ፒስተኑን ወደ ታች ይገፋዋል። እንደገና ሲወጣ ጭሱን ያስወጣል። አየር የሚገባበትና ጭስ የሚወጣበት በር ቫልቭ ይባላል። ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ወፍራም ዘንግ ኮሎ ነው። ቫልቮቹን የሚያስከፍተው ዘንግ ደግሞ ካምሻፍት ነው። ሁለቱን ዘንጎች በሞተሩ ፊት ለፊት የሚያገናኛቸው ካቴናው ነው። ኮሎው ሁለት ጊዜ ሲዞር ካምሻፍቱ አንድ ጊዜ ይዞራል። ይህ ልክ ከተዛባ በሩ ያለ ሰዓቱ ይከፈታል።

አንዳንድ ሰው ካቴና ሲያረጅ እንደ ምራን ተለጠጠ ይላል። ነገሩ እንዲያ አይደለም። ምራን ቆዳ ነው፤ ርጥበት ሲያገኘው ይለጠጣል። ካቴና ግን ብረት ነው። የሚረዝመው ማያያዣዎቹን የያዙት ቀጫጭን ብረቶች እርስ በርሳቸው ሲፋተጉ ስለሚበሉ ነው። እስቲ እናስላው። አንድ ካቴና 80 ማያያዣ አለው እንበል። በእያንዳንዱ ማያያዣ ላይ የአንድ ሚሊሜትር ሃያኛ እጅ ቢበላ በዓይን አይታይም። አንድ ሚሊሜትር ራሱ የጤፍ ቅንጣት ያህል ነው። 80ውን ስንደምረው ግን ካቴናው 4 ሚሊሜትር ይረዝማል። ያን ጊዜ ይላላል፤ ካምሻፍቱም ከኮሎው ወደ ኋላ ይቀራል።

ምልክቱን ጆሮ ይሰማዋል። ሞተሩ ጠዋት ሲነሣ ከፊት በኩል ጠጠር በጣሳ ውስጥ እንደሚናጥ ያለ ድምፅ ያሰማል። ይህ ካቴና በዘይት ግፊት የሚሠራ መወጠሪያ ስላለው፣ መጀመሪያ ላይ ዘይቱ እስኪደርስ ተንኳኩቶ ዝም ሊል ይችላል። ሰውም ዝም ሲል ዳነ ብሎ ይተወዋል። እያደር መኪናው ዳገት ላይ ይደክማል፣ ቤንዚን ይበላል፣ ቶሎ ይግላል። የካንዴላውን እሳት ሰዓት የሚሰጠውም፣ የዘይቱን ፓምፕ የሚያዞረውም ይኸው ካምሻፍት ነው። ስለዚህ ካቴናው የተበጠሰ ዕለት ሞተሩ ባለበት ቀጥ ይላል።

እኛ በአንድ ገጠር በሥራ ላይ ሳለን የነበረን መኪና ይኸው ነበር። በሽተኛ ወደ ጤና ጣቢያ የሚያደርስ ሌላ መኪና በአካባቢው አልነበረም። ድምፁን ወር ያህል ሰምተን ዝም አልን። በኋላ ግን ዳገቱን እምቢ ስላለን አዲስ ካቴና አስመጥተን አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሥራውን ጀመርን።

ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ጠበቅን፤ የባትሪውን ገመድ ነቀልን፤ ውኃውን አፈሰስን። ራዲያተሩን፣ ቺንጋውንና ማራገቢያውን አወረድን። ከዚህ ቀጥሎ ያለው ትልቁ ነገር ነው፤ ካቴናውን ከማውጣት በፊት ምልክቱን ማግኘት ያስፈልጋል። በሞተሩ ጀርባ ባለው ከባድ መዘውር ላይ ኢ እና ፒ የተባሉ ሁለት የላቲን ፊደላት ከአንድ ጭረት ጋር ተቀርጸዋል። የአንደኛው ሲሊንደር የጭስ ቫልቭ እስከ መጨረሻው ሲከፈት፣ ጭረቱ ከጠቋሚው ብረት ጋር ልክ መግጠም አለበት። ሞተሩን በማኖቬላ ቀስ ብለን እያዞርን እዚያ አቆምነው። ከዚያ የፊቱን ትልቅ ዳዶ ፈታን፣ መዘውሩን ጎትተን አወጣን፣ ክዳኑን ከፈትን። መወጠሪያውንም ካነሣን በኋላ ካቴናው ወጣ። አሮጌውንና አዲሱን በጎናቸው አግድም ይዘን አየን። አዲሱ ቀጥ ሲል አሮጌው እንደ ጎበጠ ቀስት ወደ ታች ረገበ።

ፀሐይ ጠልቃ ስለነበር አንድ ሽማግሌ ፋኖስ ይዘውልን ነበር። ፊደል ከቆጠሩ ገና አንድ ክረምታቸው ነው። አዲሱን ካቴና ስናጠልቅ በመዘውሩ መስኮት አጎንብሰው አዩና፣ «ልጆቼ፣ ጭረቱ ከብረቱ አልፏል» አሉ። እኛም ደክሞን ስለነበር «ይበቃል አባባ፣ ትንሽ ነው» አልናቸው። ያ ትንሽ የተባለው አንድ ጥርስ ነበር።

ሁሉን መልሰን ገጥመን ስናስነሣው ሞተሩ ተነሣ። ነገር ግን ያስለዋል፣ በካርቡሬተሩ በኩል እሳት ይተፋል፣ ነዳጅ ሲረግጡትም ጉልበት የለውም። ልክ በዚያ ሰዓት ምጥ የጠናባትን ሴት በቃሬዛ ይዘው መጡ። መኪናው እንደማይሄድ ሲያዩ አንድ ቃል አልተናገሩንም። ቃሬዛውን አንሥተው በጨለማ በእግር ጉዞ ቀጠሉ።

እኛም እንደገና ፈታነው። በዚህ ጊዜ ፋኖሱን የያዙት ሰውዬ ‹ገጠመ› እስኪሉ ድረስ አላጠበቅንም። መወጠሪያው በሌለበት በኩል ካቴናው ቀጥ ብሎ መወጠር አለበት፤ እዚያ ጋ ከረገበ ልኩ ይሳሳታል። የካምሻፍቱ ጥርሳም መዘውር በዘንጉ ላይ የሚሰካበት ቦይ ከአንድ በላይ ስለሆነ፣ ጥርሱ አልገጥም ሲለን ሌላውን ቦይ ሞከርን። ከዚያ ዳዶውን ለጊዜው መልሰን በማኖቬላ ሁለት ሙሉ ዙር አዞርነው። ጭረቱና ጠቋሚው እንደገና ፊት ለፊት ተገናኙ። በመጀመሪያው ጊዜ ይህን ሁለት ዙር ብናዞር ኖሮ ስሕተቱን ክዳኑ ሳይዘጋ እናየው ነበር። ጓርኒሲዮኑንና የዘይት መከላከያ ጎማውን አዲስ አድርገን ዘጋነው።

ሞተሩ ሲነሣ የሚንጠው ጠጠር ጠፍቷል። ሽማግሌው ጆሯቸውን ወደ ክዳኑ አስጠግተው ጥቂት አዳመጡና ፋኖሱን አጠፉ። ሊነጋ ሲል ቃሬዛ ተሸካሚዎቹን ከወንዙ ማዶ ደረስንባቸው፤ ሴቲቱንና እናቷን ከኋላ ጫንን፤ ዳገቱንም ወጣነው።