ሁለት ኮከብ ቡድን ይሆናል?

የዛሬው ትምህርታችን ከቅርጫት ኳስ ሜዳ ይጀምራል። ጥያቄው አንድ ነው፦ በአንድ ቡድን ውስጥ ሁለት እጅግ ጎበዝ ተጫዋቾች ካሉ፣ ቡድኑን ሻምፒዮን ለማድረግ ይበቃሉ ወይስ አይበቁም? ጥያቄውን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። እኔው ራሴ ተሳስቼ የተማርኩበት ነውና ከስህተቴ ልጀምር።

የእኛ ቡድን በቂሊንጦ

በዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ሶሲዮሎጂ ነው። አሁን በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፣ ቂሊንጦ ውስጥ በማኅበራዊ ሠራተኝነት አገለግላለሁ። ቂሊንጦ የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሚገኝበት፣ ቀድሞ እርሻ በነበረ መሬት ላይ ኮንዶሚኒየም የተሠራበት የከተማዋ ደቡብ ጫፍ ነው። ብዙው ነዋሪ ዕጣ ደርሶት ከየሰፈሩ የመጣ ስለሆነ ጎረቤት ከጎረቤት ገና እየተዋወቀ ነው። ልጆቹም እንደዚያው ናቸው፤ አንዱ ከመርካቶ፣ አንዱ ከካዛንቺስ፣ ሌላው እዚያው ተወልዶ ያደገ የገበሬ ልጅ። እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ በአንድ የሲሚንቶ ሜዳ ላይ ቅርጫት ኳስ ማጫወት የጀመርኩት እንዲቀራረቡ በማሰብ ነበር።

ልጆቹ 12 ነበሩ። ከ12ቱ ሁለቱ ግን የተለዩ ነበሩ። አንደኛውን “ረጅሙ” ልበለው፤ ሪባውንድ ሲወስድ የሌላው እጅ አይደርስበትም። ሁለተኛው “ፈጣኑ” ነው፤ ኳስ ይዞ ሲሄድ ጥላው እንኳ የሚከተለው አይመስልም። እውነቱን ለመናገር ልቤ በሁለቱ ተወሰደ። መመሪያዬም አንድ ብቻ ሆነ፦ “ኳስ ስታገኙ ለሁለቱ ስጡ፣ ሌላው ሥራችሁ መከላከል ነው።”

መጀመሪያ ሠራልን። በአቅራቢያችን ያሉትን ቡድኖች አሸነፍን። ኋላ በአንድ የወጣቶች ውድድር ግማሽ ፍጻሜ ላይ የገጠመን ቡድን ግን ነቃብን። ረጅሙ ላይ ሁለት ሰው፣ ፈጣኑ ላይ ሁለት ሰው መደቡ። የቀሩትን ሦስት ልጆቻችንን አንድ ልጅ ብቻ ጠበቃቸው፤ ኳስ እንደማይሰጣቸው አውቀዋላ! 41 ለ 22 ተሸነፍን።

ወደ ቤት ስንመለስ ከተቀያሪዎቹ አንዱ፣ ዝምተኛ ልጅ ነው፣ እንዲህ አለኝ፦ “ቲቸር፣ እኔ እኮ ኳስ የምነካው ስትወጣ ላመጣት ብቻ ነው።” ሳቅን። በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጣም። በሦስተኛው ቅዳሜ የቀሩት ሦስት ሆኑ።

ቤቱ ድረስ ሄድኩ። እናቱ ጉሊት ነው የሚሠሩት፤ ልጁ ሽንኩርት እየመደበ አጠገባቸው ቆሟል። ለምን እንደቀረ ስጠይቃቸው፣ “እዚያ ሜዳ ሄጄ ከምቆም እዚህ አጠገብሽ ብቆም ይሻላል ብሎኝ ነው” አሉኝ። ልጆችን ላቀራርብ የጀመርኩት ቡድን ልጅ እያባረረ እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። እንግዲህ ጥያቄውን ከምር የያዝኩት ከዚህ በኋላ ነው።

ቀነኒሳ ብቻውን ያልቻለው

ሩቅ ሳንሄድ ከአገራችን እንጀምር። ቀነኒሳ በቀለ ከ1994 እስከ 1998 ዓ.ም. በዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና አጭሩንም ረጅሙንም ውድድር ለአምስት ተከታታይ ዓመታት አሸንፏል። አገር አቋራጭ ግን የቡድን ዋንጫም አለው። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ከአንድ አገር ሯጮች ቀድመው የገቡት የአራቱ ደረጃ ይደመራል፤ ድምሩ ያነሰው አገር ያሸንፋል።

መጋቢት 1995 ዓ.ም. ሎዛን፣ ስዊዘርላንድ ላይ በወንዶች ረጅም ርቀት ቀነኒሳ አንደኛ፣ ገብረእግዚአብሔር ገብረማርያም ሦስተኛ ወጡ። ከሦስቱ ሜዳሊያ ሁለቱ የእኛ ሆነ ማለት ነው። የቡድኑ ዋንጫ ግን የኬንያ ነበር። ኬንያ ይህን ዋንጫ ከ1978 ዓ.ም. ጀምሮ ስታነሳ ያ ለ18ኛ ተከታታይ ጊዜ መሆኑ ነው።

እንዴት ሊሆን ይችላል ትሉ ይሆናል። እስቲ በምሳሌ እንየው። አንድ አገር 1ኛ፣ 3ኛ፣ 14ኛና 20ኛ ቢወጣ ድምሩ 38 ነው። ሌላው አገር አንድም አንደኛ ሳይኖረው 4ኛ፣ 5ኛ፣ 6ኛና 7ኛ ቢወጣ ድምሩ 22 ነው፤ ዋንጫው የእሱ ነው። ሁለቱ ኮከቦች ያተረፉትን ሦስተኛውና አራተኛው ሰው በልተውታል ማለት ነው።

በዓመቱ፣ መጋቢት 1996 ዓ.ም. ብራስልስ ላይ ነገሩ ተለወጠ። ቀነኒሳ አንደኛ፣ ገብረእግዚአብሔር ሁለተኛ፣ ስለሺ ስህን ሦስተኛ ሆነው ገቡ፤ አራተኛው ሰውም ብዙ ሳይርቅ ተከተላቸው። የ18 ዓመቱ የኬንያ የበላይነት በዚያ ቀን ተቋረጠ። ቀነኒሳ እኮ ባለፈውም ዓመት አንደኛ ነበር፤ ከአንደኛ በላይ ሊሆን አይችልም። የተለወጠው ከእሱ ኋላ ያለው ነው።

ያው ሁለት ሰዎች፣ ሁለት ውጤት

“ቲቸር፣ ሩጫና ቅርጫት ኳስ ይለያያል፤ ሯጭ ፓስ አይሰጥም” የሚል አይጠፋም። ትክክል ነው። ስለዚህ ወደ ራሱ ወደ ቅርጫት ኳስ እንሂድ።

በአሜሪካ የሙያ ሊግ በኤንቢኤ፣ የሎስ አንጀለስ ሌከርስ ቡድን ሁለት ታላላቅ ኮከቦች ነበሩት። ቁመቱ 2 ሜትር ከ16 የሆነው ሻኪል ኦኒልና ኮቢ ብራያንት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2000፣ በ2001 እና በ2002 ሦስት ጊዜ ተከታትለው ሻምፒዮን ሆኑ። “በቃ፣ ሁለት ይበቃል ማለት ነው” እንዳትሉ፤ ቆዩኝ።

እ.ኤ.አ. በግንቦት 2002 ከሳክራሜንቶ ኪንግስ ጋር የምዕራብ ዞን ፍጻሜ ይጫወቱ ነበር። ኪንግስ 2 ለ 1 እየመራ ነው። በአራተኛው ጨዋታ ሊያልቅ ጥቂት ሰከንዶች ሲቀሩ ኪንግስ 99 ለ 97 ይመራል። ኮቢ ወደ ቀለበቱ ገብቶ ሞከረ፣ ሳተ። ሻኪል ኳሷን አግኝቶ ከቅርብ ሞከረ፣ እሱም ሳተ። የኪንግሱ ቭላዴ ዲቫች ኳሷን ከአካባቢው ለማራቅ ወደ ውጭ መታት። ከሦስት ነጥቡ መስመር ውጭ የቆመ አንድ ሰው እጅ ላይ ደረሰች። ሮበርት ሆሪ ይባላል፤ ወረወረ፣ ሰዓቱ አለቀ፣ ኳሷ ገባች። 100 ለ 99! ሌከርስ ዙሩን 4 ለ 3 አሸንፎ ዋንጫውንም ወሰደ። ልብ በሉ፣ ሁለቱም ኮከቦች ስተው ነበር። ሆሪ ግን በቦታው ነበር፤ ቢሰጠኝ አገባለሁ ብሎ ተዘጋጅቶ።

እ.ኤ.አ. በ2004ስ? ያው ሻኪል፣ ያው ኮቢ። እንዲያውም ካርል ማሎንና ጋሪ ፔይተን የሚባሉ ሁለት ታዋቂ አንጋፋዎች ተጨምረውላቸዋል። በፍጻሜው የገጠማቸው ዲትሮይት ፒስተንስ ነው፤ ቻውንሲ ቢለፕስ፣ ሪቻርድ ሃሚልተን፣ ቴይሻን ፕሪንስ፣ ቤን ዋላስና ራሺድ ዋላስ። ከአምስቱ አንዱም የሻኪልን ወይም የኮቢን ያህል ዝና አልነበረውም። ሆኖም አምስቱም አብረው ይከላከላሉ፣ ኳስ ይካፈላሉ። ፒስተንስ 4 ለ 1 አሸነፈ። እርግጥ ማሎን ጉልበቱን ተጎድቶ ነበር። ሆኖም የሁለቱ ኮከቦች አለመግባባትም በአደባባይ የታወቀ ነበር፤ በዚያው ክረምት ሻኪል ወደ ማያሚ ተሸጠ። በሁለቱም ጊዜ ኮከቦቹ ያው ነበሩ፤ የተለያየው በሁለቱ መካከልና በዙሪያቸው የነበረው ነው።

ለምን አይበቃም?

አንደኛ፣ ሒሳቡ እምቢ ይላል። በዓለም አቀፍ ሕግ ጨዋታው 40 ደቂቃ ነው፤ ሜዳ ላይ 5 ሰው አለ። 5 በ40 ሲባዛ 200 የተጫዋች ደቂቃ ይሆናል። ሁለቱ ኮከቦች አንዴም ሳይቀየሩ ቢጫወቱ የሚሸፍኑት 80ውን ነው። 120ው ደቂቃ የሌሎቹ ነው። ከግማሽ በላይ የሆነውን ባዶ አድርጎ ማሸነፍ ከባድ ነው።

ሁለተኛ፣ ኮከብ ሰው ነው። ይደክማል፣ ይጎዳል፤ አምስት ፋውል ከሠራ ደግሞ ይወጣል። ያን ጊዜ ኳስ ነክቶ የማያውቀውን ልጅ “ግባና አድነን” ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

ሦስተኛ፣ እኔን የነካኝ ይሄ ነው፤ የማይፈለግ የመሰለው ሰው መሮጥ ያቆማል። ኤሚል ዱርክሃይም የተባለው ፈረንሳዊ የሶሲዮሎጂ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1893 ባሳተመው መጽሐፉ ስለ ሥራ ክፍፍል ጽፏል። ሐሳቡ ባጭሩ፣ የተለያየ ሥራ የሚሠሩ ሰዎች አንዱ ያለ ሌላው መኖር ስለማይችል በዚያው ይተሳሰራሉ የሚል ነው። ይህን ለፈተና አጥንቼው ነበር። ሜዳ ላይ ግን ረሳሁት፤ ለአሥር ልጆች ያለ እነሱም መኖር እንደምንችል በተግባር ነገርኳቸው።

ታዲያ ኮከብ አያስፈልግም?

ያስፈልጋል እንጂ! ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. የእግር ኳስ ብሔራዊ ቡድናችን አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካን ዋንጫ ሲያነሳ መንግሥቱ ወርቁና አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ባይኖሩ ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ያን ቀን ግብፅ ሁለት ጊዜ መርታ ሁለት ጊዜ አቻ አደረግን፤ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸነፍን። አራቱን ጎሎች ያስቆጠሩት ግን አራት የተለያዩ ተጫዋቾች ናቸው። ከሉቺያኖና ከመንግሥቱ ጋር የሉቺያኖ ወንድም ኢታሎ አለበት፤ የመጀመሪያዋን የአቻነት ጎል ያገባው ደግሞ ሌላ ነው። ኮከብ መንገዱን ይከፍታል፤ በተከፈተው መንገድ የሚገባ ሰው ግን ያስፈልጋል።

እኛስ ምን አደረግን?

በመጀመሪያ 12ቱንም ሰብስቤ ይቅርታ ጠየቅሁ። ጉሊቱ ዘንድ ያገኘሁትን ልጅም ለምኜ ነው ያመጣሁት። “ከመጣሁ ኳስ ይሰጠኛል?” ብቻ ነበር ያለኝ። ቀጥሎ ሁለት ደንብ አወጣን። በልምምድ ጊዜ ሦስት ሰው ሳይነካት ኳስ ወደ ቀለበት አትወረወርም። ረጅሙና ፈጣኑም በልምምድ አንድ ወገን አይሆኑም።

ረጅሙ ተቆጣ። “የሚስተውን ልጅ ለምን እሰጠዋለሁ? እሰጠዋለሁ፣ ይስታል፤ ስንሸነፍ ደግሞ ሰው የሚያየው እኔን ነው” አለኝ። የልጁ ክርክር ቀላል አይደለም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል፤ ሸክሙን ያሸከምኩት እኔ ነኝ። እንዲህ ብዬ መለስኩለት፦ “አንተም ስትጀምር ትስት ነበር። ልዩነቱ፣ አንተ ስትስት ሁለተኛ ኳስ የሚሰጥህ ሰው መኖሩ ነው።” ዝም አለ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ለዝምተኛው ልጅ ፓስ ሰጠ። ልጁ ሳተ። ረጅሙ ሪባውንዱን ወስዶ እንደገና ለእሱ ሰጠው። ይህን ሜዳ ዳር ቆሜ ሳይ ምን እንደተሰማኝ አልነግራችሁም።

ዋንጫ በልተን የሚያልቅ ታሪክ ከጠበቃችሁ ግን አዝናለሁ። በሚቀጥለው ውድድርም በግማሽ ፍጻሜ ተሸነፍን፤ በ4 ነጥብ። ረጅሙ በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ አምስተኛ ፋውሉን ሠርቶ ወጣ። ባለፈው ቢሆን ጨዋታው እዚያው ያበቃ ነበር። አሁን ግን እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ታገልን፤ ዘጠኝ ልጆችም ነጥብ አስቆጠሩ። ከሽንፈቱ በኋላ በነበረው ቅዳሜ ቆጠርኳቸው። 12ቱም መጥተዋል።

ስለዚህ መልሴ ይህ ነው፦ ሁለት ኮከብ ጥሩ መነሻ ነው፤ ቡድን ግን አይሆንም። ቡድን የሚሆነው ኮከቦቹ ለሳተው ልጅ ሁለተኛ ኳስ ሲሰጡ፣ የሳተውም ልጅ ቦታው ላይ ቆሞ ሲጠብቅ ነው። በክበባችሁ፣ በክፍላችሁ፣ በቡድን ሥራችሁም ውስጥ ሁለት ጎበዞች ይኖሩ ይሆናል። የቀሩት ምን እየሠሩ እንደሆነ ዛሬ ዞር ብላችሁ እዩ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ከላይ በአገር አቋራጩ ምሳሌ የመጀመሪያው አገር ሦስተኛና አራተኛ ሯጮች ስንተኛ ቢወጡ ኖሮ ቡድናቸው ያሸንፍ ነበር? አስሉት።
2. ረጅሙ ያነሳው ክርክር ትክክል ነው ትላላችሁ? ለምን?
3. በክፍላችሁ ወይም በክበባችሁ ውስጥ “ኳስ የምነካው ስትወጣ ላመጣት ብቻ ነው” ሊል የሚችል ማን ነው? ስሙን ሳትጠሩ፣ ምን ሥራ ልትሰጡት እንደምትችሉ ተነጋገሩ።

ሰላም ቆዩ።