ስለ ጠፈር መርከብ ምሳሌ አሠራርና ስለ ልክ የተሰጠ ትምህርት

ልጅ በጆሮው ከሰማው ይልቅ በእጁ የሠራውን አጥብቆ ይይዛል። ነገር ግን በብዙ መንደር የእጅ ሥራ ተንቆ፥ ብረት ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ በክፉ ስም ሲጠሩ ኖረዋል፤ ከጭቃና ከወረቀት አንዳች ነገር የሚሠራ ልጅም ሥራ ፈት ይባላል። በጋይንት፥ በስማዳና በእስቴ ያላችሁ መምህራንና ሽማግሎች ሆይ፥ ይህ ንቀት ትምህርትን የሚጎዳ መሆኑን አስተውሉ።

ምስክሩ ሩቅ አይደለም። በደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው በጋፋት ዐፄ ቴዎድሮስ ባለ እጆችን ሰብስበው፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1867 ወደ 7 ቶን የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አሠርተዋል፤ የአገር ልጆችም ሙያውን እንዲማሩ አድርገው ነበር። በኛም ዘመን፥ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የመጀመሪያዋን ሳተላይት ከቻይና ምድር አስወንጭፋለች። እንዲህ ላለው ሥራ የሚታጭ ልጅ አስቀድሞ ልክን ሊያውቅ ይገባዋል።

በእንግሊዝ አገር ከ1965 ጀምሮ ለሕፃናት በቴሌቪዥን በታየው «ተንደርበርድስ» በተባለው ታሪክ፥ የሚበሩት መርከቦች በእጅ የተሠሩ ትንንሽ ምሳሌዎች ነበሩ። የሥራው አለቃ ዴሬክ ሜዲንግስና ባልደረቦቹ ከሱቅ የተገዙ መጫወቻዎችን ክፍል እየነቀሉ በመርከቦቹ ላይ ይለጥፉ ነበር። አንዱንም መርከብ በልዩ ልዩ መጠን ይሠሩት ነበር፤ ልኩ ስለሚጠበቅ ግን ተመልካቹ አንድ መርከብ ብቻ ያየ ይመስለው ነበር። የኛም ትምህርት ይኸው ነው።

አሠራሩ። በ1969 ሰዎችን ወደ ጨረቃ የወሰደው ሳተርን 5 የተባለው ሮኬት የታችኛው ክፍሉ ቁመቱ 42 ሜትር፥ የጎኑ ስፋት 10 ሜትር ያህል ነበረ። ይህንኑ ክፍል በሁለት መጠን እንሠራለን።

አንደኛ፤ ከመቶ አንድ ቢሆን ቁመቱ 42፥ ስፋቱ 10 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ከሁለት መቶ አንድ ቢሆን 21 እና 5 ነው። ይህን ተማሮቹ ራሳቸው ያስሉት።

ሁለተኛ፤ ስፋቱ በ3.14 ሲባዛ ዙሪያው ይገኛል። ስለዚህ ያረጀ ካርቶን ለትልቁ 31.4፥ ለትንሹ 15.7 ሳንቲ ሜትር ተለክቶ፥ ለመደረቢያ 1 ሳንቲ ሜትር ተጨምሮ ይቈረጥ። ከዚያም ተጠቅልሎ በዱቄት ሙጫ ይጣበቅ፤ ታቹም በክብ ካርቶን ይደፈን።

ሦስተኛ፤ ሙጫው ሲደርቅ፥ ትልቁ የትንሹን ስንት እጥፍ አሸዋ እንደሚይዝ ተማሮቹ አስቀድመው ይገምቱ። ብዙዎቹ «ሁለት እጥፍ» ይላሉ። በትንሹ እየሰፈሩ ወደ ትልቁ ቢገለብጡ ግን ስምንት ጊዜ ይሆናል፤ ቁመቱም ስፋቱም ውፍረቱም እያንዳንዱ እጥፍ ስለሆነ፥ 2 በ2፥ እንደገናም በ2 ተባዝቷልና። መምህሩ መልሱን ቀድሞ አይናገር።

አራተኛ፤ አሸዋው ከወጣ በኋላ አምስቱ የእሳት መውጫዎች ከሸክላ ጭቃ ተሠርተው ከታች ይለጠፉ፤ ገላውም በኖራና በከሰል ነጭና ጥቁር ይቀባ። ይህ ምሳሌ የሚታይ እንጂ የሚተኰስ አይደለምና፥ ባሩድ ወይም እሳት ከቶ አይቅረብበት።

ለጭቃው ሥራ የመንደሩን ሸክላ ሠሪ ወደ ትምህርት ቤቱ በክብር ጥሩ። ሽማግሎችም ተገኝታችሁ ስፍሩን ቍጠሩ፤ ልጁ ሙያዋን ስታከብሩ ቢያይ እርሱም ያከብራል፤ እጁም ከአእምሮው ጋራ አብሮ ይማራል።