በሩ ሳይዘጋ ደብዳቤው ይውጣ፦ ወረርሽኝ ሲመጣ ነጋዴና እድር ምን ያድርጉ?

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ሲነገር ሰፈራችን በሙሉ ወደ ሳሙናና ነጭ ሽንኩርት ነበር የሮጠው። የውል ፋይሉን ያገላበጠ ሰው አላየሁም። ወር ሳይሞላ፣ መጋቢት 30 ቀን፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከዚያ በኋላ የመጣው የኪራይ፣ የደመወዝና የመዋጮ ጭቅጭቅ አብዛኛው መነሻው አንድ ነው፤ በቃል ተባለ እንጂ ወረቀት ላይ አልሰፈረም። የእድራችን ጸሐፊ ስለነበርኩ ድርሻዬን ቀምሻለሁ። ቀጥሎ ያለው ለሚመጣው ጊዜ ነው፤ አያምጣው እንጂ።

አንደኛ፦ ክልከላውን ራሱን ያንብቡ

ጎረቤት የነገረዎትና ነጋሪት ጋዜጣ ላይ የወጣው አንድ ላይሆን ይችላል። አዋጅ ቁጥር 3/2012 ጥቅሉን ነበር የያዘው። ዝርዝሩ የወጣው በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 466/2012 ነው። አራትና ከዚያ በላይ ሆኖ መሰብሰብ፣ ተከራይን ማስወጣት፣ ኪራይ መጨመር የተከለከለው በዚያ ደንብ ነበር። ቅጣቱም እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም ከ1,000 እስከ 200,000 ብር ይደርስ ነበር።

ሲያነቡ ከመቼ እስከ መቼ እንደሚጸና ያስምሩበት። የ2012ቱ አዋጅ የታወጀው ለ5 ወር ነው፤ ተከራይን የጠበቀው ክልከላም ከእሱ ጋር አበቃ። ሌላ ወረርሽኝ ቢመጣ ያው ከለላ ይኖራል ብለው አይተማመኑ።

ሁለተኛ፦ ውልዎን ያውጡና ጥያቄውን በትክክል ይጠይቁ

ያኔ ከነጋዴው አፍ የማይጠፋው ቃል «ከአቅም በላይ ነው» ነበር። ሕጉ ግን ይህን ቃል በቀላሉ አይሰጥም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1792 እንደሚለው፣ ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል የሚባለው ባለዕዳው አስቀድሞ ሊገምተው የማይችለውና ግዴታውን እንዳይፈጽም ፈጽሞ የሚያግደው ነገር ነው። ማክበዱ ብቻ አይበቃም። የመንግሥት ክልከላ በቁጥር 1793 ከምክንያቶቹ መካከል ተጠቅሷል፤ የዕቃ መወደድ ግን በቁጥር 1794 ምክንያት አይሆንም።

ሁለት ሰዎች እናስብ። አንዱ የሠርግ አዳራሽ ያከራያል፤ መሰብሰብ ሲከለከል አዳራሹን ለድግስ መስጠት አይችልም። ይህ ሰው የሚያቀርበው ክርክር አለው። ሌላው ዳቦ ቤት አለው፤ በሩ ክፍት ነው፣ ደንበኛው ግን በግማሽ ቀንሷል። ኪራዩ ከበደው እንጂ አልተከለከለም። ለእሱ የሚሻለው አከራዩን ሄዶ ማነጋገር ነው፤ ፍርድ ቤት ሄዶ «ከአቅም በላይ» ቢል ብዙም አያስኬደውም።

ሦስተኛ፦ ሳይውል ሳያድር ይጻፉ

ግዴታውን መፈጸም ያልቻለ ሰው ምክንያቱን ሳይዘገይ ለሌላኛው ወገን ማሳወቅ አለበት። ደብዳቤው ረጅም መሆን አያስፈልገውም፦

«በወጣው ክልከላ ምክንያት ለግንቦት 9 የተያዘውን ዝግጅት በቀኑ ማስተናገድ አንችልም። ቀኑ እንዲዛወር ወይም የከፈሉት ገንዘብ እንዲመለስ የሚመርጡትን በጽሑፍ ያሳውቁን።»

በሁለት ቅጂ ያዘጋጁትና አንዱ ላይ ተቀባዩ «ደርሶኛል» ብሎ ይፈርም። መገናኘት ካልተቻለ በቴሌግራም ይላኩ፣ የላኩትንም አያጥፉ።

ስለ ኪራይ ሲነጋገሩ አንዲት ቃል ይጠንቀቁ። አንድ የማውቀው ልብስ ሰፊ አከራዩ «ግዴለም፣ ይቆይ» ብለውት ሦስት ወር ሳይከፍል ቀረ። እሱ ተማርኩ ብሎ ተቀምጧል፤ እሳቸው «ይቆይ» ያሉት በኋላ ይከፈለኛል ብለው ነበር። ሁለቱም አልዋሹም። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ «ተቀንሷል» ወይም «ተራዝሟል» ይባል፤ ከተራዘመም ስንት ብር፣ በየትኛው ወር እንደሚከፈል ይጻፍ።

አራተኛ፦ ሠራተኛን «እንጠራሃለን» ብለው አይሸኙ

መጀመሪያ ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድ ካለ በስምምነት ያስወጡ። ካልበቃ፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሥራን ለጊዜው ማገድ ይፈቅዳል፤ ለምሳሌ ድርጅቱ ከአቅም በላይ በሆነ ኃይል ቢያንስ ለ10 ተከታታይ ቀናት ሥራው ሲቋረጥ። ምክንያቱ በተፈጠረ በ3 የሥራ ቀናት ውስጥ የሚመለከተውን የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ማሳወቅ ግድ ነው። እገዳውም ከ90 ቀን አይበልጥም።

የታመመ ሠራተኛ ጉዳይ ሌላ ነው፤ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ ከዚያ ሦስት ወር ያለ ክፍያ።

የደመወዝ መክፈያ ሰነዱን በደንብ ይያዙ። በ2012 ሥራቸው ተቋርጦም ደመወዝ መክፈል ላላቆሙ ድርጅቶች የ4 ወር የሥራ ግብር ምሕረት ተሰጥቶ ነበር፤ መክፈሉን በሰነድ ያላሳየ ደግሞ ምን ብሎ ይጠይቃል?

አምስተኛ፦ እድሩ ሳይሰበሰብ እንዴት ይወስን?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ነጋዴው ጠበቃ ያማክራል፣ እድር ግን ያለው መተዳደሪያ ደንቡ ብቻ ነው።

በዚያ ሰሞን አንድ አባላችን አባታቸው አረፉ። ድንኳን መትከል አይቻልም፣ ንፍሮ የሚቀቀልበት፣ ለቀስተኛ የሚቀመጥበት የለም። ቤተሰቡ «የድንኳኑና የመስተንግዶው ወጪ በገንዘብ ይሰጠን» አለ። ተገቢ ጥያቄ ነው። እኛ ኮሚቴዎቹ በስልክ ተነጋግረን ሰጠን። ከዓመት በኋላ ሒሳብ መርማሪው አንዲት ጥያቄ አነሳ፦ «በየትኛው ቃለ ጉባኤ?» መልስ አልነበረንም። ደግሞ ከዚያ በፊት በዚያው ሰሞን ሐዘን የደረሰባቸው ሁለት ቤቶች ያን ያህል ገንዘብ እንዳላገኙ ታወቀ።

እንግዲህ እንዲህ ያድርጉ። ደንቡን ከፍተው ምልዓተ ጉባኤ ስንት እንደሆነ፣ በአስቸኳይ ጊዜ ኮሚቴው ምን ድረስ መወሰን እንደሚችል ይዩ። ኮሚቴው በስልክም ቢሆን ሲወስን ቀኑ፣ የተሳተፉት ስምና የውሳኔው ቃል በዚያው ዕለት ይጻፍ፤ «ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ቀርቦ እስኪጸድቅ ለጊዜው» የሚል ይግባበት። በድንኳን ፈንታ የሚሰጠው ብር ለሁሉም አንድ ይሁን። ለበጎ ሥራም ቢሆን ከካዝናው ትልቅ ስጦታ ከመውጣቱ በፊት በየቀጠናው ቅጽ ዞሮ አባላት በየደጃቸው ይፈርሙ። ገንዘቡ ለቀብር የተዋጣ ነው፤ ያለ አባላት ፈቃድ ያወጣው ሰው ኋላ በግሉ ሊጠየቅ ይችላል።

የባንክ ፈራሚዎችንም ያስቡ። ሦስቱም አዛውንት ከሆኑ አንድ ወጣት ተተኪ ጊዜው ሳይከፋ ይሰየም፤ ባንኩ ማኅተም ያረፈበት ቃለ ጉባኤ ይጠይቃልና። ማኅተሙ ማን ቤት እንዳለም ሁለት ሰው ይወቅ። የእኛው፣ ዳኛችን ለይቶ ማቆያ ሲገቡ፣ መሳቢያቸው ውስጥ ተቆልፎበት ሰነበተ።