እጅህን ገንዳው ውስጥ ሳትከት

ልጄ፣ ተክለ ሃይማኖት ሰፈር በተከራየኻት ክፍል የዓሣ ገንዳ ልታስቀምጥ ነው አሉኝ። ደስ ይላል። ስለ ምግባቸው ሻጩ ይንገርህ፤ እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት ሽቦ ስዘረጋ ነውና ስለ መብራቱ ልምከርህ።

1. ቆጣሪው ጋ ያለው ብሬከር ያድነኛል አትበል። እሱ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። ባለ 10 አምፔር ብሬከር ከ10 በላይ ካላለፈበት አይወርድም፤ የሰውን ልብ ለማቆም ግን 0.03 አምፔር ገደማ ሊበቃ ይችላል። በ220 ቮልት የሚሠራ የ100 ዋት ማሞቂያ ራሱ ግማሽ አምፔር አይሞላም። ብርጭቆው ተሰንጥቆ ውሃው ቢነዝር ብሬከሩ ከምን አውቆ ይወርዳል?

2. ስለዚህ አርሲዲ የሚባለውን መቁረጫ አስገጥም። የሄደውንና የተመለሰውን ኮረንቲ እያመዛዘነ፣ ልዩነት ሲያይ ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይቆርጣል። መርካቶ ቅርብህ ነው፤ ስትገዛ 30 ሚሊ አምፔር የሚል መሆኑን በዓይንህ እይ። 100 እና 300 የሚሉት ለእሳት እንጂ ለሰው አይደሉም። ግቢያችሁ በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀም ከሆነ ዋናው ላይ አታድርገው፤ የጎረቤት ምጣድ ኮረንቲ ባፈሰሰ ቁጥር ይቆርጥና አንድ ቀን አንዱ ተናዶ በቀጥታ ያስረዋል። ወደ ገንዳህ በሚሄደው መስመር ላይ ብቻ ይሁን። መሞከሪያ ቁልፏን በየወሩ ተጫናት፤ ካልቆረጠ ለውጠው።

የሰፈራችን አሮጌ ጭቃ ቤቶች ብዙዎቹ ኧርዝ (የመሬት መስመር) የላቸውም። ያለ ኧርዝም አርሲዲው ይሠራል፤ ግን የሚቆርጠው አንተ ከተነዘርክ በኋላ ነው። አከራይህን እትዬን አስፈቅደህ በባለሙያ ግቢው ውስጥ የኧርዝ ዘንግ አስቀብር። ከውሃ ቧንቧ ጋር የሚያስር ሠራተኛ ከመጣ አመስግነህ ሸኘው፤ የዛሬው ቧንቧ ፕላስቲክ ነው።

3. ዓሣው በደስታ ይዋኛል ብለህ ውሃውን አትመን። ሽቦ ላይ ያረፈች ወፍ የማትነዘረው መሬት ስላልነካች ነው፤ ዓሣውም እንደዚያው። መሬት የምትነካው አንተ ነህ፣ ያውም በባዶ እግርህ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ቆመህ። ቴስተር ነክረህ ካልበራም ደህና ነው ማለት አይደለም።

4. መብራት ሲሄድ እጅህን አትክተት። ይህን አጥብቄ የምነግርህ እዚህ ሰፈር ስለምትኖር ነው። መብራት ሳይነግር ይሄዳል፣ ሳይነግር ይመጣል። ሁሉንም ንቀል። ማሞቂያውን ደግሞ ነቅለህ ሩብ ሰዓት ያህል ሳይበርድ ውሃውን አታጉድል፤ ትኩስ ብርጭቆ ከውሃ ሲወጣ ይሰነጠቃል።

5. ማከፋፈያውን ከገንዳው ሥር ወለል ላይ አትጣል፣ ግድግዳ ላይ ስቀለው። ሽቦው ሶኬቱ ጋ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ይርገብ፤ ጠብታው እዚያ ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬት ውስጥ አይገባም። የአየር ፓምፑን ከውሃው ከፍ አድርገህ አስቀምጥ፤ አለዚያ መብራት ሲሄድ ውሃው በቱቦው ተመልሶ ይሞላዋል።

6. ሰው በኮረንቲ ተይዞ ብታይ አትንካው። መጀመሪያ ብሬከሩን አውርድ፣ ከዚያ ለአምቡላንስ 907 ደውል።

7. ለጀማሪ ደግሞ ወርቃማ ዓሣ ይሻልሃል። የአዲስ አበባን ብርድ ይችላል፤ ሰፋ ያለ ገንዳና ጥሩ ማጣሪያ ይፈልጋል እንጂ ማሞቂያ አይጠይቅህም።